ቅጠል ለማድረቅ የትኛው እርጥበት መምጠጫ? ትንሹ ወይስ ባለ ኮምፕረሰሩ

በዝናብ ወቅት በሶብላ፣ ናና ወይም የጥብስ ቅጠል ቤት ውስጥ ለማድረቅ የአየር እርጥበት የሚመጥጥ ማሽን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በትንሿ ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ መብራትም ብዙ አትበላም። ካርቶኗ ላይ ከአየር የምታወጣው ውሃ «በቀን 500 ሚሊ ሊትር» ተብሎ ይጻፋል። ሐሰት አይደለም፤ ግን እንዲህ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በ30 ዲግሪ ሙቀትና በ80 በመቶ እርጥበት ነው። ቅጠል ሽታውን ይዞ የሚደርቀው ግን 20 ዲግሪ ገደማ ሙቀት፣ ከ55 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ነው። በዚህ አየር ውስጥ ትንሿ ማሽን ከተጻፈላት ጥቂቱን ብቻ ታወጣለች።

ሂሳቡን እንየው። ሁለት ኪሎ እርጥብ ናና ሲደርቅ ወደ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ይለቃል፤ አብዛኛውንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት። በበርና በመስኮት ክፍተት ከውጭ የሚገባው እርጥበት ደግሞ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ትንሿ ለተዘጋ ቁም ሳጥንና ለአንድ እፍኝ ቅጠል ካልሆነ አትበቃም።

«10 ሊትር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ባለ ኮምፕረሰሩ ማሽንም (እንደ ፍሪጅ ቱቦ አቀዝቅዞ እንፋሎቱን ወደ ውሃ የሚመልሰው) በዚህ አየር ግማሹን ላይሞላ ይችላል፤ ቢሆንም ለአንድ ትንሽ ክፍል ይተርፋል። ስትገዙ በመጀመሪያ የምታዩት ውሃውን ወደ ውጭ የሚያፈስ የጎማ ቱቦ መውጫ እንዳለው ይሁን። የሌለው ማሽን የውሃ መያዣው ሲሞላ ራሱን ያጠፋል፣ ያም ሌሊት ከሆነ እርጥበቱ እስኪነጋ ተመልሶ ይወጣል። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። የሚበላው ኤሌክትሪክ በሙሉ ሙቀት ሆኖ እዚያው ክፍል ይቀራል፣ እንፋሎቱም ወደ ውሃ ሲመለስ ሙቀት ይጨምራል። በጠባብ ክፍል ቴርሞሜትሩ 30 ዲግሪን ካለፈ ሽታ ሰጪው ዘይት ይበልጥ ይተናል፣ በሩን ገርበብ አድርጉ ወይም ማሽኑን በፈረቃ አሠሩ። ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ቀዝቃዛ ክፍል ደግሞ ቱቦዎቹ ላይ በረዶ ይጋገራል፤ እዚያ የሚያዋጣው በማድረቂያ ማዕድን የሚሠራው ዓይነት ነው።

ማሽኑ ላይ የሚታየውን የእርጥበት ቁጥር አትመኑት፤ አጠገቡ ያለውን አየር ነው የሚለካው፣ ቅጠሉ መሃል ያለውን አይደለም። ለብቻው የሚሸጥ ትንሽ ሃይግሮሜትር (የእርጥበት መለኪያ) ቅጠሉ መሃል ስቀሉ። እሱንም ፈትኑት፦ በጠርሙስ ክዳን ገበታ ጨው አድርጉ፣ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ከሃይግሮሜትሩ ጋር አየር በማያስገባ ላስቲክ ዘግታችሁ 12 ሰዓት አቆዩት። 75 በመቶ ማንበብ አለበት። 70 ካለ፣ ከዚያ በኋላ በሚያሳየው ሁሉ ላይ 5 ደምሩ። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ርካሹና ብዙ ምርት የሚያድነው ይሄ ነው።

ማሽኑን 40 በመቶ ላይ አድርጎ በሁለት ቀን ለመጨረስ መቸኮል የተለመደ ስህተት ነው። ቬንትሌተርን ፊት ለፊት ማዞርም እንዲሁ። ቅጠሉ ከላይ ይንኮሻኮሻል፣ ግንዱ ግን ውሃውን እንደያዘ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ያ ውሃ ወደ ቅጠሉ ይመለስና ሻጋታ ይጀምራል። ነፋሱን ወደ ግድግዳ አዙሩት፣ መድረቁንም በቅጠሉ ሳይሆን በግንዱ ለዩ፤ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት።

ከዚያ አፈ ሰፊ የመስታወት ጠርሙስ እስከ ሦስት አራተኛው ሙሉና ሃይግሮሜትሩን ውስጡ አድርጋችሁ ክደኑ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ65 በላይ ከወጣ ቅጠሉን አውጡና ድጋሚ ዘርጉት። ከ60 በታች ከረጋ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ለ10 ደቂቃ ክፈቱት፣ ክፍሉ ራሱ ደረቅ ከሆነ ብቻ።

ጠርሙስ ውስጥ የሚጨመሩት እርጥበት የሚያመጣጥኑ ትንንሽ ከረጢቶች ጥሩ ናቸው፣ ግን ማድረቂያ አይደሉም። የደረቀውን ባለበት ለማቆየት ነው የተሠሩት፤ ያልደረቀ ቅጠል ላይ ከተጣሉ ጥቂት ግራም ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሥራ የላቸውም። እርጥበት ሲጠጣ ቀለም የሚቀይረው ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ፍሬዎች) ይሻላል፣ ምክንያቱም በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ደርቆ ተመልሶ ያገለግላል። በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ አስገቡት፣ ፍሬዎቹ ከቅጠሉ ጋር እንዳይቀላቀሉ።