የሞተን ውሻ በክሎን መተካት፦ የቪያጅን አገልግሎት ሲመዘን

ለሰው ሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ዐሥራ አራት ዓመት አብሮ የኖረ ውሻ ሲሞት ግን ለቅሶ ደራሽ የለም፤ ይባስ ብሎ «ለውሻ ነው እንዲህ የምትሆነው?» የሚል አይጠፋም። ተጋሪ ያጣ ሐዘን ቶሎ ወደ ምትክ ፍለጋ ይሄዳል። አሜሪካ ለሚኖር ሰው ከሚቀርቡት ምትኮች ሁሉ ውዱ ክሎኒንግ ነው፤ ማለትም ከሟቹ ሕዋስ ተነሥቶ የእሱኑ ዘረመል የያዘ ቡችላ (ክሎን) ማስወለድ። ስሙ በብዛት የሚነሳውም ቴክሳስ ያለው ቪያጅን ፔትስ የተባለ ኩባንያ ነው።

አገልግሎቱ ሁለት ክፍል አለው፤ ለየብቻ መመዘን አለባቸው። አንደኛው ከእንስሳው ቆዳ ሕዋስ ወስዶ፣ አባዝቶ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ማቆየት ነው። ኩባንያው ሲያስተዋውቀው የቆየው ዋጋ 1,600 ዶላር ሲሆን የየዓመቱ የማቆያ ክፍያ ለብቻው ይታሰባል። ሁለተኛው ክሎኒንጉ ራሱ ነው፤ ለውሻ 50,000 ዶላር፣ ግማሹ ሥራው ሲጀመር ግማሹ በመጨረሻ የሚከፈል። የመጀመሪያው ዋጋውን ያወጣል፤ ሕዋሱ ከተቀመጠ ከዓመታት በኋላም መወሰን ስለሚቻል ሐዘንተኛው በለቅሶ ሰሞን እንዲጣደፍ የሚያስገድደው ነገር አይኖርም። ሁለተኛውን ግን ሐዘኑ ላልበረደለት ሰው አንመክርም።

ናሙናው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው። ውሻው ቤት ውስጥ ከሞተ ሬሳውን ፍሪዘር ውስጥ መክተት ተስፋውን ያጠፋዋል፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ሽፋኑን ይቀድደዋል። ቆዳው እንዳይደርቅ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ከተያዘ እስከ 5 ቀን ድረስ ሕያው ሕዋስ ሊገኝ ይችላል፤ ዕድሉ ግን በየሰዓቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ማድረስ ይሻላል። ትልቅ ውሻ የቤት ፍሪጅ አይበቃውም፤ የእንስሳት ክሊኒክ እንዲያቆየው መጠየቅ ይቻላል። ነገር ግን ክሊኒኮች ለማቃጠል የሚጠብቅ ሬሳን በልማድ ፍሪዘር ስለሚከቱ «ፍሪጅ እንጂ ፍሪዘር አይደለም» ብሎ በጽሑፍ መለጠፍ ያስፈልጋል።

ሐኪሙ ፀጉሩን ላጭቶ፣ ቦታውን በሚገባ አጽድቶ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው በርከት ያሉ የቆዳ ቁራጮች ይወስዳል። ጽዳቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከቆሻሻ ቆዳ የመጣ ባክቴሪያ ወይም ሻጋታ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሕዋሱ ቀድሞ ይራባና ናሙናውን ያጠፋዋል። ዕጢ የነበረበት እንስሳ ከሆነ ከዕጢው ራቅ ካለ ቦታ መወሰድ አለበት። ቁራጮቹ ኩባንያው በሚልከው ፈሳሽ ውስጥ ሆነው፣ ቀዝቃዛ ማሸጊያ ተደርጎባቸው፣ በማግስቱ በሚደርስ ፖስታ ይላካሉ። ሐኪሙን አስቀድሞ ስለ ፎርማሊን፣ ማለትም ሥጋ እንዳይበሰብስ ስለሚያደርገው ኬሚካል፣ ማስጠንቀቅ ይገባል። ክሊኒኮች ለምርመራ የሚልኩትን ሥጋ በፎርማሊን ስለሚነክሩት እጃቸው ወደዚያ ይሄዳል፤ ፎርማሊን የነካው ሕዋስ ደግሞ ሞቷል ማለት ነው። ደረቅ በረዶም (በጣም የቀዘቀዘ ጠጣር ካርቦን ዳይኦክሳይድ) እንዲሁ ያጠፋዋል። ፀጉር፣ ጥፍርና የተቃጠለ ሬሳ አመድ ሕያው ሕዋስ ስለሌላቸው ለዚህ አይሆኑም። ውሻው ማርጀቱ ወይም መኮላሸቱ ግን አያግድም። ከሁሉ የሚሻለው በሕይወት ሳለ፣ ለጥርስ ጽዳት ወይም ለሌላ ሕክምና በተደነዘዘበት ቀን ናሙናውን አብሮ ማስወሰድ ነው።

አሁን ወደ 50,000 ዶላሩ እንምጣ። ከሌላ ሴት ውሻ እንቁላል ይወሰድና ዘረመል የያዘው አስኳሉ ይወጣል፤ የሟቹ የቆዳ ሕዋስ በቦታው ይገባል፤ ሁለቱ በኤሌክትሪክ ንዝረት ይዋሃዳሉ። የተፈጠረው ፅንስ ሦስተኛ ውሻ ማህፀን ውስጥ ያድጋል። እርግዝናው ሁለት ወር ያህል ነው፤ ከዚያ ቡችላው ጡት እስኪተው ሌላ ሁለት ወር። ወረፋውና የሚከሽፉት ሙከራዎች ሲጨመሩ ጥበቃው ረጅም ነው።

ዋጋ ዝርዝሩ ላይ የማይታየው የሌሎቹ ውሾች ድካም ነው፤ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህን ማሰብ ግድ ይላል። የውሻ እንቁላል ከኦቫሪ (ከእንቁላል ማምረቻው) የሚወጣው ሳይበስል ሲሆን መብሰሉን የሚጨርሰው ወደ ማህፀን በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ነው። ስለዚህ በትክክለኛው ቀን ሕያው ውሻ በቀዶ ሕክምና ተከፍታ እንቁላሉ ከቱቦው በፈሳሽ ታጥቦ ይወጣል። ፅንሱንም ለተሸካሚዋ ማስገባት ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው። የመጀመሪያው የውሻ ክሎን ስናፒ እ.ኤ.አ. በ2005 በሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሲወለድ 1,095 ፅንሶች በ123 ውሾች ውስጥ ገብተው ነበር፤ ያረገዙት 3፣ በሕይወት የተወለዱት 2፣ ከእነዚያም አንዱ በ22 ቀኑ በሳንባ ምች ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሥራው እጅግ ተሻሽሏል፤ ሆኖም ለአንድ ቡችላ ሲባል ሌሎች ውሾች በቢላዋ ሥር ማለፋቸው አልቀረም። የአንዱን ውሻ ፍቅር ለማክበር ሲባል የሌሎቹ ሥቃይ እንደ ምንም መቆጠሩ አይዋጥልንም።

የሚመጣው ቡችላስ ያው ውሻ ነው? መልኩ እንኳ ዋስትና የለውም። ለዚህ ከሁሉ ግልጹ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2001 መጨረሻ አካባቢ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የተወለደችው ሲሲ የተባለች ድመት ናት። ሕዋስ የሰጠቻት ሬይንቦው ብርቱካንማ፣ ጥቁርና ነጭ የተዘነቀባት ስትሆን ሲሲ ግን ብርቱካንማ ቀለም ጨርሶ አልነበራትም። የብርቱካንማው ዘረመል ያለው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው (ክሮሞሶም በሕዋስ ውስጥ ዘረመሎችን የሚሸከም ክር ነው)፤ በእያንዳንዱ የሴት ድመት ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱ ይዘጋል። የተወሰደው ሕዋስ ብርቱካንማው የተዘጋበት ነበር፣ እንደተዘጋም ቀረ። የውሻ ነጭ ነጠብጣቦችም ቀለም ሰጪ ሕዋሳት በማህፀን ውስጥ እንደተጓዙበት መንገድ ይለያያሉ፤ ደረቱ ላይ የነበረችው ነጭ ምልክት ላትመለስ ትችላለች። ጠባይ ደግሞ ከዚህም በላይ ከአስተዳደግ ጋር የተሳሰረ ነው። ዘፋኟ ባርብራ ስትራይሳንድ እ.ኤ.አ. በ2017 የሞተችባትን ውሻዋን ሳማንታን ክሎን አስደርጋ ሁለት ቡችሎች አግኝታለች፤ ጠባያቸው የተለያየ መሆኑን ራሷ ተናግራለች።

በአንጻሩ በሽታው ይመለሳል። ውሻው የሞተው በዘር በሚተላለፍ የዳሌ፣ የልብ ወይም የዓይን ችግር ከሆነ ክሎኑም ያንኑ ዘረመል ይዞ ይወለዳል። እንዲህ ላለው ሰው አገልግሎቱ ምንም አይጠቅምም፤ ያንኑ ሞት በድጋሚ መግዛት ይሆንበታል።

ይህን ሁሉ አውቆ የሚገባበት ሰው ካለ፣ ማለትም አዲስ ቡችላ እንደሚያሳድግ የገባው፣ ደም መሳዩን ማየት ብቻ የሚበቃው፣ ገንዘቡም የማይጎዳው፣ ምርጫው የራሱ ነው። ለእሱም ቢሆን አንድ ምክር አለን፦ የሟቹን ስም አይስጠው። ልጅ ሞቶበት ቀጥሎ የተወለደውን «ምትኩ» ወይም «ካሳሁን» የሚለው ወገናችን እንኳ ምትክነቱን ይናገራል እንጂ ልጁን በሟቹ ስም አይጠራውም። በአሮጌ ስም የተጠራ ቡችላ በማያውቀው ውሻ ጠባይ እየተለካ፣ ሁልጊዜ እየጎደለ ይታያል።

ለቀሪው ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚያደምጠው ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የቤት እንስሳ ለሞተባቸው ሰዎች የስልክ መስመር አለው፤ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ያዳምጣሉ። ምትኩን በተመለከተ፣ የአካባቢው የእንስሳት መጠለያ ከክሎኒንጉ ጋር በማይነጻጸር ክፍያ ውሻ ይሰጣል። ጥሎ የሄደውን የሚመስል ባይመረጥ ይሻላል።

ሕዋስ ብቻ ለማስቀመጥ የወሰነ ሰው ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ሕዋሱ በላቦራቶሪ ካልተባዛ ገንዘቡ ምን ያህሉ ይመለሳል? የተቀመጠው በአንድ ቦታ ነው ወይስ ለጥንቃቄ በሁለት? ክሎኒንግ ሲደረግ ከአንድ በላይ ቡችላ ቢወለድ የተረፉት የት ይሄዳሉ? ተሸካሚዋስ ከወለደች በኋላ? ኩባንያው ቢሸጥ ወይም ቢዘጋስ ሕዋሱ የማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ የሩቅ ስጋት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የመጀመሪያውን የንግድ ድመት ክሎን በ50,000 ዶላር የሸጠው ጄኔቲክ ሴቪንግስ ኤንድ ክሎን የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተዘግቷል፣ ቪያጅን ራሱም እ.ኤ.አ. በ2025 ኮሎሳል ባዮሳይንስስ በተባለ ሌላ ኩባንያ ተገዝቷል። መልሱን በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ተጽፎ ይቀበሉ።