የሚጥል በሽታ ያለባችሁ ነፍሰ ጡሮች፣ «የአጥንት ማጠንከሪያ» ከሚሸጡላችሁ ተጠንቀቁ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ እህቶች፣ በቴሌግራም «ለነፍሰ ጡር አጥንት» እየተባለ የሚሸጠውን ሰፕሊመንት እንዳትገዙ። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ።

እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል ትወስዳለች። ፒያሳ የቀጠረቻት ሻጭ አንዱን ብልቃጥ 4,800 ብር ሸጠችላት። ብልቃጡን አገላብጬ አየሁት። አምራቹ ማን እንደሆነ አይታወቅም። የአገልግሎት ማብቂያው ቀን ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል። ፎሊክ አሲድ «አለው» ይላል፣ መጠኑ ግን አልተጻፈም። ቫይታሚን ኤ፣ ሬቲኖል የሚባለው ዓይነት፣ በአንድ ፍሬ 10,000 ዩኒት ይላል፤ እሷ ደግሞ በቀን ሁለት ውሰጂ ተብላለች። ይህ ቫይታሚን ሲበዛ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ፅንስ ይጎዳል።

ብሩስ ይቅር። ያንገበገበኝ የሻጯ ምክር ነው፦ «ያንን ኪኒን ተይው የኔ እህት፣ አጥንትሽን የሚጨርሰው እሱ ነው።»

ሰው የሚያምናቸው ወሬያቸው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ሰውነት ቫይታሚን ዲን ቶሎ እንዲጨርስ ያደርጋሉ። ዓመታት ሲወሰዱ አጥንት ሊሳሳ ይችላል። ግን መድኃኒቱን በድንገት ያቆመች ሴት ሕመሙ ሊብስባት ይችላል። እየጣላት ስትወድቅ እሷም ፅንሱም አደጋ ላይ ናቸው። እባካችሁ፣ ሐኪም ሳያይ አንድ ፍሬ እንኳ አትቀንሱ።

የአጥንቱን ነገር ለሐኪም ንገሩት። ካስፈለገ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያዝላችኋል፣ ከፋርማሲ ትገዛላችሁ። ፌኒቶይን የምትወስድ ካልሲየሙን ከሱ ጋር እኩል አትዋጥ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ታራርቀው። የብረትና ፎሊክ አሲድ ኪኒን ደግሞ ጤና ጣቢያ በእርግዝና ክትትል ይሰጣል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ሐኪም ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ፎሊክ አሲድ ያዝላታል። በራስ ግምት መጨመር ግን አይሆንም፤ ሲበዛ የፌኒቶይንና የፌኖባርቢታልን መጠን በደም ውስጥ ሊቀንሰው ይችላል።

ለማርገዝ የምታስቡ ቀድማችሁ ሂዱ። ፎሊክ አሲድ የሚያስፈልገው የልጁ ሕብለ ሰረሰር የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ነው፤ ብዙዎቻችን እርግዝናውን ሳናውቅ ማለት ነው። ቫልፕሮት የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱማ ከማርገዛችሁ በፊት የግድ ሐኪም አማክሩ።

እህቴ ብሯን ስትጠይቅ ሻጯ ብሎክ አደረገቻት። የገዛችሁ ካላችሁ መውሰዱን አቁሙና ብልቃጡን ለሐኪማችሁ አሳዩ። አትጣሉት፤ ቴሌግራሙንም አታጥፉ። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ስትደውሉ ማስረጃችሁ እሱ ነው።