የአማርኛ ኪቦርዴ ፊደል ማረሚያ፣ ከ5 3 ሰጥቸዋለሁ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት ስራ ነው የምሰራው፣ ማመልከቻ፣ ውል፣ የሰርግ ካርድ፣ ረቂቁን ስልኬ ላይ እጽፍና ነው ወደ ኮምፒውተር የማዞረው፣ እና የኪቦርዱን ማረሚያ ከፍቸ ሁለት ወር ሙሉ ሰራሁበት።

ጥሩውን ልናገር፣ የምደጋግመውን ይይዝልኛል፣ "ለሚመለከተው ሁሉ"ን አሁን ጀመር ሳደርገው ያመጣዋል።

ችግሩ የፊደላችን ነገር አልገባውም። ማረሚያ እኮ የጻፍሽውን ቃል ከዝርዝሩ ሲያጣው በጣም የሚቀርበውን ነው የሚያመጣው፣ አንድ ፊደል ተጨመረ፣ ጎደለ፣ ተቀየረ ወይ ሁለት ፊደል ቦታ ተለዋወጠ ብሎ ይቆጥራል፣ ዳመሮ የሚባል ሰው በ1964 እ.ኤ.አ. ከስህተቱ ከ80 በመቶ በላይ ከነዚህ ካራቱ አንዱ ነው ብሎ አሳይቷል፣ ያየው ግን የእንግሊዝኛ ጽሁፍ ነው። እኛ ጋ ጠ እና ጥ ያንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ በዚህ አቆጣጠር ግን ጠ ከጥም ከበም እኩል ይርቃል። ለአጎቴ "ጠላው ደርሷል" ልል "ጥላው ደርሷል" ብዬ ላክሁ፣ ማረሚያው ዝም፣ ጥላም ቃል ነዋ! "የምን ጥላ ነው ልጄ?" ብለው ደወሉ።

ደሞ "ስላልተፈጸመልኝ" የሌለበት ማመልከቻ የለም፣ ትክክል ጽፌው ከስሩ ቀይ ያሰምርበታል። ስለ፣ አል፣ ተፈጸመ፣ ልኝ፣ ይሄ ሁሉ ባንድ ቃል ነው ያለው፣ እንዲህ ያለውን አንድ በአንድ መዝግቦ አይዘለቅም፣ ግንዱን ይዞ ቅጥያውን በህግ ማስላት ነው፣ ሀንስፔል የሚባለው ማረሚያ እንደዛ ይሰራል፣ መጀመሪያም የተሰራው ቃሉ ለሚረዝመው ለሀንጋሪኛ ነው።

ከሁሉ የከፋኝ ስም ላይ ነው። መታወቂያው ላይ ኃይሉ የሚለውን ሀይሉ አደረገብኝ፣ ሲነበብ አንድ ነው፣ ሰነድ ላይ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፣ ደንበኛዬ ከሄደበት ቢሮ ተመልሶ መጣ፣ በጣም አዘንሁ፣ በነጻ ደግሜ ሰራሁለት። ፀሐይን ብቻ እንኳ ተመሳሳይ ድምጽ ባላቸው ፊደሎች ብንጽፈው 12 ዓይነት ይሆናል፣ የከተማችንንም ስም ጐንደር ስለው ጎንደር ያደርገዋል፣ ሁለቱም እኮ ልክ ነው።

አሁን ሴቲንግ ገብቸ በራሱ መቀየሩን አጥፍቸ ጥቆማውን ብቻ ትቻለሁ፣ ስም ሲሆን ስክሪኑን አዙሬ ባለቤቱ ፊደል በፊደል ያነብልኛል።