ማጎሜ ወይስ ጹማጎ? ናራይንም ሳንረሳ

ናጎያ ለሥራም ይሁን ለዘመድ ጥየቃ የሚመጣ ሐበሻ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «አንድ ቀን ትርፍ አለኝ፣ የድሮዋን ጃፓን የት ልይ?» ኪሶ ሸለቆ እላለሁ፣ ጥንታዊ መንደሮች ያሉበት ተራራማ አካባቢ ነው። ወዲያው ሁለተኛው ይከተላል። ከመንደሮቹ ማጎሜ ይሻላል ጹማጎ? ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ናካሴንዶ የሚባለው ጥንታዊ መንገድ ኤዶን፣ ማለትም የዛሬዋን ቶኪዮ፣ ከኪዮቶ ጋር ያገናኝ ነበር። መንገደኛ የሚያድርባቸው 69 መንደሮች ነበሩት። ናራይ 34ኛው፣ ጹማጎ 42ኛው፣ ማጎሜ 43ኛው ነው።

ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ እኔ የጹማጎ ወገን ነኝ።

ማጎሜ ቆንጆ አይደለም አልልም። ድንጋይ የተነጠፈ ዳገት፣ ግራና ቀኙ የእንጨት ቤት፣ ጫፉ ላይ ስትደርሱ 2,191 ሜትር ከፍታ ያለው የኤና ተራራ ፊት ለፊት። ለፎቶ የሚስተካከለው የለም። ግን እ.ኤ.አ. በ1895 እና በ1915 እሳት በልቶታል። የምታዩት አብዛኛው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። በአስጎብኚ አውቶቡስ የሚመጣውም ሰው የሚራገፈው እዚያ ነው። ትንሽ ያያል፣ አይስክሬም ይገዛል፣ ይሄዳል።

ጹማጎን ያዳነው ድህነቱ ነው። ባቡሩ በሌላ በኩል ሲያልፍ መንደሩ ተረሳ፤ ቤት አፍርሶ አዲስ የሚሠራበት ገንዘብ ያለው ሰውም አልነበረም። ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነዋሪዎቹ ቤቶቹን መጠገን ጀመሩ። ከዚያም «አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም» ብለው ቃል ተገባቡ። ቀን ቀን መኪና በዋናው መንገድ አያልፍም። የመብራት ሽቦ እንኳን ከዓይን ተሰውሯል። መግቢያ የሚባል ክፍያ ደግሞ የለም፣ በሁለቱም።

አሁን ወደ ዋጋው። ከናጎያ እስከ ናካጹጋዋ ጣቢያ በተራው ባቡር 1,340 የን ነው፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ሺናኖ የሚባለው ፈጣን ባቡር በ50 ደቂቃ ያደርሳችኋል፣ ተጨማሪ ቲኬቱ ሲደመርበት ግን ሒሳቡ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለ25 ደቂቃ! በዚያ ልዩነት ምሳ ይበላል። ከናካጹጋዋ ማጎሜ ድረስ አውቶቡስ አለ፣ ከ1,000 የን በታች። ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው፣ በነጻ። ከማጎሜ ጹማጎ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስት ሰዓት ያዙለት። ስትመለሱ ከጹማጎ አጠገብ ካለው ከናጊሶ ጣቢያ ተሳፈሩ። እስከ ናጎያ 1,690 የን።

ጉዞውን ከማጎሜ ጀምሩ እንጂ ከጹማጎ አትጀምሩ። ማጎሜ 600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጹማጎ 420 ገደማ፣ መሀል ያለው የተራራ መተላለፊያ ደግሞ 800 ገደማ። ልዩነቱን ጉልበታችሁ ያውቀዋል። ሻንጣ ካላችሁ ከብርዱ ወራት ውጪ የሁለቱ መንደሮች የመረጃ ቢሮዎች ለአንዱ 1,000 የን ገደማ ተቀብለው ያሻግሩላችኋል። ለዚህ ቢከፈል አያስቆጭም። መንገዱ ላይ ድብ የሚያባርር ደወል ተሰቅሏል። እያለፋችሁ ደውሉት፣ ጌጥ አይደለም።

ማደር ለምትፈልጉ፦ ጹማጎ እደሩ። ዋጋው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው። ይህን ሳያውቅ ለሁለት ሰው የተነገረኝ ነው ብሎ የሚደነግጥ ብዙ ነው። እራትና ቁርስ ያለበት ከ10,000 የን ገደማ ይጀምራል። እራት የሌለበትን ርካሽ ብላችሁ ከያዛችሁ ጾማችሁን ታድራላችሁ፤ አመሻሽ ላይ ሱቁም ምግብ ቤቱም ይዘጋል። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ጾመኛ ለሆነ ደግሞ ጎሄይሞቺ አለ፣ በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበስ ሩዝ፣ ዋልነትና ሰሊጥ የተቀባ። ሶባ የሚባለው የጃፓን ኑድል መረቅ ግን ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚሠራው።

ናራይን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከናጎያ ስለሚርቅ ነው። ከማትሱሞቶ ከተማ ለሚመጣ ግን አንደኛ ምርጫ ነው። ከባቡር ወርዳችሁ ጥቂት ስትራመዱ መንደሩ ውስጥ ናችሁ፣ አውቶቡስ የለ፣ ዳገት የለ። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ መንገድ ነው።

ዕቃ መግዛት ካሰባችሁም ወደ ናራይ ነው የምልካችሁ። አንድ ጣቢያ አልፎ ኪሶ ሂራሳዋ አለ፣ የኡሩሺ ሠሪዎች ከተማ። ኡሩሺ ከዛፍ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፤ እንጨት ላይ ደጋግመው ይቀቡትና ያብረቀርቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 የናጋኖ ክረምት ኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች ላይ ያለው የኪሶ ኡሩሺ ነው።

ችግሩ ፎርጂዱ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ከሌላ ቦታ ከስጦታ ዕቃ ሱቅ ቀይ ሳህን ገዛች፣ «የእጅ ሥራ ነው» ተብላ። ወራት ሳይቆይ ጠርዙ ተላጠ። ይጠግኑልኝ ብላ ሂራሳዋ ይዛው ሄደች። አንድ ሽማግሌ ኡሩሺ ሠሪ ሳህኑን ገለበጠ፣ በጥፍሩ ጠርዙን ጫር አደረገ፣ ከሥሩ ነጭ ፕላስቲክ ታየ። በሁለት እጁ መለሰላት። ምንም አላለም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሳጥኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ወረቀት በስልካችሁ አስተርጉሙ። ሁለት መስመር ፈልጉ፣ ዕቃው ከምን እንደተሠራና ቅቡ ምን እንደሆነ። «የተፈጥሮ እንጨት» እና «ኡሩሺ» ካለ ግዙ። «የእንጨት ዱቄት» ካለ በፕላስቲክ የተቦካ ብናኝ ነው፣ «ዩሬታን» ካለ ደግሞ የፋብሪካ ቀለም። በ1,500 የን እውነተኛ የኡሩሺ ሳህን አገኘሁ የሚላችሁን አትመኑ። ውዱ ሲጎዳ እንደገና ይቀባል፣ ርካሹ ይጣላል። ውዱንም ቢሆን ማይክሮዌቭ ውስጥ እንዳትከቱት።

እግረ መንገዴን፣ ያቡሃራ ከናራይ በስተደቡብ ቀጣዩ ጣቢያ ነው። ኦሮኩ የሚባል ታዋቂ የእንጨት ማበጠሪያ ይሠራበታል። ሥራው ድንቅ ነው፤ ጥርሱ ግን እጅግ ጠባብ ነው። ለእኛ ጸጉር ብላችሁ እንዳትገዙት።