«ቤዝ እጨምርልሃለሁ» ለሚላችሁ ማሽናችሁን አትስጡ

የድሮ ድራም ማሽን (የከበሮ ድምጽ የሚያወጣ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) ያላችሁ፣ ይቺን አንብቧት። እኔ ተሸውጃለሁ።

ማሽኔ ሮላንድ ቲአር-606 ናት። እንደ ፈረንጆቹ በ1981 ከቤዝ ማጫወቻዋ ቲቢ-303 ጋር እንድትጣመር የወጣችው። የምታውቋት ታውቃላችሁ፣ ኪኳ፣ ማለትም የትልቁ ከበሮ ምት፣ ቀጭን ነው። ድምጹን ከፍና ዝቅ ከማድረግ በቀር ቃናውን የምታወርዱበት ማዞሪያ የላትም። አንድ ቴክኒሻን «ወፍራም ቤዝ አወጣላታለሁ» ሲለኝ ሙሉውን ቀድሜ ከፈልኩት። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

ልወስዳት ስሄድ ትልቅ ስፒከር ላይ ሰክቶ አስጮሃት። ደረቴን መታኝ። ደስ ብሎኝ ይዣት ሄድኩ። ቤት ገብቼ ከመስጠቴ በፊት ከቀዳሁት ጋር ድምጻቸውን እኩል አድርጌ ሳዳምጥ ግን ያው ኪክ ነው። ጮኸ እንጂ አልወፈረም። እንዲያውም ሲመታ እንደተቀደደ ስፒከር ይንኮሻኮሻል።

ከፈትኳት። ሰውየው የማጉያውን ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ቀይሮ ድምጹን ብቻ ከፍ አድርጓል። ማጉያው ደግሞ ከሚያገኘው ቮልቴጅ በላይ መውጣት ስለማይችል የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ መንኮሻኮሹ ከዚያ ነው። አዲስ የገባው ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገልብጧል። ብየዳው ሲያግል የመዳብ መስመሩ ከቦርዱ ተልጧል፣ ፀጉር በምትመስል ሽቦ አስሮታል። የወጡት ዕቃዎች የት እንደገቡ እግዜር ይወቅ።

እውነተኛው ሥራ ሌላ ነው። የኪኩን ቃና የሚወስኑት ጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች ናቸው። እነዚህ ካፓሲተሮች ሁሉ እጥፍ ሲሆኑ ቃናው አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ ማለትም ንዝረቱ በግማሽ ይቀንሳል። መውጫው ላይ ያለው ካፓሲተር ካነሰም ቤዙን እዚያው ይበላዋል። ካፓሲተሩ 0.1 ማይክሮፋራድ፣ አብሮት ያለው ሬዚስተር 10 ኪሎኦም ሲሆን ከ160 ኸርዝ (በሰከንድ 160 ንዝረት) በታች ያለው ድምጽ መድከም ይጀምራል። ካፓሲተሩ 1 ማይክሮፋራድ ሲሆን ይህ ወሰን ወደ 16 ኸርዝ ይወርዳል። ርካሽ ዕቃ ናት እኮ!

ስለዚህ «የትኛውን ዕቃ፣ ከስንት ወደ ስንት ትቀይራለህ?» በሉት። «ሚስጥር ነው» ካለ ማሽናችሁን ይዛችሁ ውጡ። የወጣውን ዕቃ በእጃችሁ ተቀበሉ። የቦርዱንም ፎቶ ቀድማችሁ አንሱ፤ እኔ አላነሳሁም።

ሬዚስተሩን ወደነበረበት መልሻለሁ። የተላጠው መስመር ግን እንዳለ አለ። ገንዘቤን ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ድምጹ ጨምሮ የለም እንዴ?»