አሸር፣ ኢመራልድ ወይስ ፕሪንሰስ? የአራት ማዕዘን አልማዝ ንጽጽር ለባሕር ዳር ገዢ

ባሕር ዳር ውስጥ ወርቅ ቤት ገብተው «ስንት ካራት ነው?» ብለው ቢጠይቁ የሚሰጥዎት መልስ ስለ ወርቁ ጥራት ነው፤ 18 ወይም 21። ቃሉ ለአልማዝ ሲውል ግን ክብደት ይሆናል፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው። ዱባይ ያለ ዘመድ የቀለበት ፎቶ ልኮ «18 ካራት፣ 1 ካራት ፈርጥ አለው» ሲል ሁለቱ ቁጥሮች አይገናኙም። ይህ ካልተለየ ዋጋ ማወዳደሩ ገና ከጅምሩ ይበላሻል። ከዚህ በታች የምናወዳድረው ፈርጡን ነው። ወርቁ በግራም ተመዝኖ ለብቻው ይታሰብ።

አሸር፣ ኢመራልድና ፕሪንሰስ የአልማዝ አቆራረጥ ስሞች ናቸው። አሸር ከላይ ሲታይ አራት ማዕዘን ነው፤ ማዕዘኖቹ በሰፊው ስለተቆረጡ ግን ስምንት ጎን ይወጣዋል። ፊቶቹ እንደ እርከን ማሳ ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ ይወርዳሉ። ቅርጹን እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጣው የአምስተርዳሙ ዮሴፍ አሸር ነው፤ ከስድስት ዓመት በኋላ 3,106 ካራት የነበረው የኩሊናን አልማዝ የተሰነጠቀውም በዚሁ ቤት ነበር። የቀድሞው ቅርጽ 58 ፊት አለው፤ ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ «ሮያል አሸር» ብሎ የሚያቀርበው ደግሞ 74። ዛሬ ገበያ ላይ «አሸር» የሚባለው አብዛኛው ከዚያ ቤት የወጣ ሳይሆን ቅርጹን ተከትሎ የተቆረጠ ነው። በጂአይኤ (አልማዝ መርምሮ ደረጃ በሚሰጠው የአሜሪካ ተቋም) ሰርተፊኬት ላይም «አሸር» የሚል ቃል አይጻፍም፤ «ስኩዌር ኢመራልድ ከት» ነው የሚለው። ይህን አይተው ሻጩ ሌላ ድንጋይ ሰጠኝ ብለው አይደንግጡ።

ሦስቱ ጎን ለጎን

በእኩል ክብደት እንያቸው፤ ሁሉም 1 ካራት ይሁኑ። አሸር በጎኑ ወደ 5.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፕሪንሰስም በጎኑ ያንኑ ያህል ነው፤ ማዕዘኖቹ ስላልተቆረጡ ግን ዓይን ላይ ትንሽ ሰፋ ይላል። ኢመራልድ ቁርጥ ረዘም ስለሚል ወደ 6.5 በ5 ይጠጋል። ብሪሊያንት የሚባለው የተለመደው ክብ ቁርጥ በዲያሜትር 6.4 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ከሩቅ ትልቅ ሆኖ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው አሸር ቢገዛ ያዝናል። ክብደቱ ከላይ ሳይሆን ከሆዱ ነው ያለው።

ኢመራልድ ቁርጥ የአሸር ታላቅ ወንድም ነው፤ እርከኑ አንድ ዓይነት፣ ቁመቱ ብቻ የተሳበ። አጭር ጣትን ያስረዝማል፣ ለገንዘቡም ብዙ ስፋት ይሰጣል። የሚያጣው ነገር ቢኖር የመሃሉን ጨዋታ ነው። የአሸር እርከኖች ከአራቱም ጎን እኩል ወርደው መሃል ላይ ስለሚገናኙ አንዱ አራት ማዕዘን በሌላው ውስጥ ተደርድሮ ይታያል፤ ኢመራልድ ላይ ግን ሰፊ፣ ረዥም፣ ዝግ ያለ ብልጭታ ነው ያለው።

ፕሪንሰስ ሌላ ዘር ነው። ፊቶቹ ደቃቅና ብዙ ስለሆኑ ብርሃኑን ይበታትኑታል፤ ያ መበታተን እንከንንም ይሸፍናል። በጀቱ ጠበብ ያለ ሰው ዝቅ ያለ ጥራት ገዝቶ ሳይታይበት የሚያልፈው በፕሪንሰስ ነው። ጣጣው አራቱ ሹል ማዕዘኖች ናቸው፤ በር ወይም ድስት ላይ ሲጋጩ የሚሸረፉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱን ማዕዘን አቅፎ የሚይዝ የቪ ቅርጽ ጥፍር ይፈልጋል፤ ያን ጥፍር አስተካክሎ የሚሠራ አንጥረኛ ደግሞ በየሱቁ የለም። አሸር በዚህ ይሻላል። ማዕዘኑ አስቀድሞ ስለተቆረጠ በአራት ተራ ጥፍር ሳይሰጋ ይቀመጣል።

የእኛ ምክር አጭር ነው። ስፋት ለሚፈልግ ኢመራልድ፣ ብልጭታ በዝቅተኛ ዋጋ ለሚፈልግ ፕሪንሰስ። አሸር ከክብደቱ ቀንሶ ለጥራትና ለአቆራረጥ ለመክፈል የወሰነ ሰው ድንጋይ ነው። «1 ሙሉ ካራት ካልሆነ» የሚል ገዢ አሸርን ቢተወው ይሻለዋል። 0.90 ወይም 0.95 ካራት የሆነ ጥሩ አሸር ከ1.00 በዓይን አይለይም፤ ዋጋው ግን 1.00 ላይ ሲደርስ ዘሎ ይወጣል።

አሸርን በእጅ ይዞ መመርመር

መጀመሪያ ብርሃኑን ያስተካክሉ። የሱቅ የጣሪያ መብራት ማንኛውንም ድንጋይ ያስጨፍረዋል፤ የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይም እንደዚያው። ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ በቀጥታ ከማይመታው ደጃፍ ወይም ከዘንባባ ጥላ ሥር ሆነው ይዩት። ከዓይንዎ 25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያርቁት። ቢያስጠጉት የራስዎ ጭንቅላት ጥላ መሃሉ ላይ ይወድቅና ጥሩውን ድንጋይ «ጥቁር ነው» ብለው ይተዉታል። እርከን ቁርጥ መስተዋት ነውና የቆመበትን ሁሉ ያሳያል።

ቀጥ ብለው ከላይ ሲያዩት ከአራቱ የተቆረጡ ማዕዘኖች የሚነሱ መስመሮች ወደ መሃል ሄደው አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት አለባቸው። የነፋስ ወፍጮ ክንፍ የሚመስለው ምስል የሚወጣው በዚህ ነው። መስመሩ መንገድ ላይ ከተሰበረ፣ ወይም መሃሉ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ አጭር ሰረዝ ከሆነ፣ ድንጋዩ በትክክል አልተቆረጠም። በዓይን መፍረድ ከከበደ በስልክ ከላይ ቀጥ አድርገው ፎቶ ያንሡና ስክሪኑ ላይ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መስመር ያስምሩበት፤ የውስጡ መስመር ያስመሩትን ተከትሎ መሄድ አለበት። አራቱ የተቆረጡ ማዕዘኖች እኩል ስፋት እንዳላቸውም በዚያው ፎቶ ይታያል።

ቀጥሎ 10 ወይም 15 ዲግሪ ያህል ወዲህና ወዲያ ያዘንብሉት። ጥቁርና ነጭ የሆኑት እርከኖች ቦታ ሲለዋወጡ ማየት አለብዎት። መሃሉ ምንም ቢያዘነብሉት ጥቁር ሆኖ ከቀረ ድንጋዩ ከመጠን በላይ ጥልቅ ነው። በተቃራኒው መሃሉ ላይ የጣትዎ ቆዳ ቀለም ካሳየ ጥልቀት አንሶታል፤ ብርሃኑ ተመልሶ መውጣት ሲገባው በታች ሾልኮ ያልፋል።

ከሰርተፊኬቱ ላይ የሚፈለጉት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። ርዝመቱን ለወርዱ ያካፍሉ፤ 5.62 በ5.55 ሲካፈል 1.01 ይመጣል፣ ጥሩ ነው። ከ1.05 በላይ ከሆነ ዓይን ያውቀዋል፤ አራት ማዕዘንነቱ ይጠፋል። ከድንጋዩ ወርድ አንጻር ጥልቀት ከ60 እስከ 68 በመቶ፣ «ጠረጴዛ» የሚባለው የላይኛው ጠፍጣፋ ፊት ደግሞ ከ60 እስከ 65 በመቶ ቢሆን እንመርጣለን። ጠረጴዛው ከ70 ካለፈ የላይኛው እርከን ይሳሳና ድንጋዩ የመስኮት መስታወት ይመስላል። ጥልቀቱ 75 የሆነ 1 ካራት 65 ከሆነው በጎኑ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል። ማለትም ለማይታይ ሆድ ይከፍላሉ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ጂአይኤ ለዚህ ቅርጽ አጠቃላይ የአቆራረጥ ደረጃ አይሰጥም፣ ያንን የሚሰጠው ለክብ ብሪሊያንት ነው። ለአሸር የሚጽፈው የልስላሴና የሚዛናዊነት ደረጃ ብቻ ነው፤ ሁለቱም «ኤክሰለንት» ወይም «ቬሪ ጉድ» ይሁኑ። ሻጭ «አቆራረጡ ኤክሰለንት ነው» ካለዎት የራሱ ቃል ነው፤ ከላይ ያለው የፎቶ ምርመራ ከዚያ ይበልጣል።

ጥራት ላይ አሸር ምሕረት የለውም። እርከኖቹ ሰፊና ንጹሕ ስለሆኑ ጠረጴዛው ሥር ያለ አንዲት ጥቁር ነጥብ በዙሪያዋ ባሉት ፊቶች ተንጸባርቃ አራት ወይም ስምንት ሆና ትታያለች። ከቪኤስ2 (በማጉያ እንጂ በዓይን በቀላሉ የማይታይ ጥቃቅን እንከን ያለው የጥራት ደረጃ፤ ቪኤስ1 ከእሱ አንድ ደረጃ ይሻላል) እንዳይወርዱ። ቪኤስ2 ሆኖ ነጥቡ ከጠርዝ አጠገብ ከሆነ መሃሉ ላይ ካለበት ቪኤስ1 እናስቀድመዋለን፤ በሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ሥዕል ቦታውን ያሳያል። ስንጥቅ የሚመስል እንከን ከተቆረጠው ማዕዘን ላይ ካለ ግን ይተዉት። ጥፍር የሚጫነው እዚያ ነው።

ቀለም ላይ ከዲ ጀምሮ ወደ ዜድ ሲወርድ ቢጫነቱ ይጨምራል፤ አሸርም ከክቡ ይልቅ ቢጫውን አጉልቶ ያሳያል። ለነጭ ወርቅ ጂ ወይም ኤች ይበቃል። ለቢጫ ወርቅ፣ ደግሞ እዚህ አብዛኛው ሰው የሚወደው እሱን ነው፣ አይ ወይም ጄ ቢሆን ምንም አይደለም። ዲ ገዝቶ በ21 ካራት ቢጫ ወርቅ ማሰር ገንዘብ ጣና ውስጥ መጣል ነው።

የተፈጥሮ፣ የላቦራቶሪ፣ ሞይሳናይት፣ «ዚርኮን»

የላቦራቶሪ አልማዝ አልማዝ ነው፤ ጥንካሬውም ብርሃኑም አንድ ነው፤ በማጉያም ሆነ በተራ መፈተሻ መሣሪያ አይለይም። ዋጋው ከተፈጥሮው በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ለአሸር በተለይ ይመቻል፤ ውድ የሚያደርገውን ንጽሕና በርካሽ ያገኙበታል። ሆኖም ሁለት ነገር ይመርምሩ። ሲቪዲ በሚባለው ዘዴ የተሠራው አንዳንዴ ቡናማ ጥላ ይኖረዋል፤ ኤችፒኤችቲ የሚባለው ደግሞ ሰማያዊ። በክብ ድንጋይ ላይ የሚጠፋው ጥላ በአሸር ጠረጴዛ ሥር ወለል ብሎ ይታያል፤ ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጠው ከጎን ይዩት። መልሶ መሸጥን ግን አያስቡ። ወርቅ ቤት አሮጌ ቀለበት ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝነው ወርቁን ነው፤ የተፈጥሮ አልማዝ ቢሆን እንኳ ለፈርጡ የሚገባውን ዋጋ የሚሰጥ ገዢ በቅርብ አይገኝም።

ሞይሳናይት አልማዝ የሚመስል ሰው ሠራሽ ድንጋይ እንጂ አልማዝ አይደለም፤ ጥንካሬው ግን 9.25 ስለሆነ ለዕለት ተዕለት ይበቃል። በማጉያ አዘንብለው ሲያዩት የኋላው ጠርዞች ድርብ ሆነው ይታያሉ። ቀስተ ደመናውም ይበዛል፤ የአሸር ውበት በጸጥታው ስለሆነ በዚህ ቅርጽ ላይ የጭፈራ ቤት መብራት ይመስላል። በሙቀት ብቻ የሚሠራው የአልማዝ መፈተሻ ብዕር ሞይሳናይትን «አልማዝ» ብሎ ያሳልፋል። ሻጩ ብዕሩን ነክቶ ሲጮህለት ነገሩ አላለቀም፤ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካው ዓይነት ያስፈልጋል።

ገበያ ላይ «ዚርኮን» የሚባለው በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ዚርኮኒያ ነው (ዚርኮን ራሱ ሌላ ማዕድን ነው)። ይህን ለመለየት ያልታሰረ ድንጋይ ካለ የወርቅ ሚዛን ይበቃል። የ1 ካራት አልማዝ መጠን ያለው አልማዝ 0.20 ግራም ሲመዝን ሞይሳናይት 0.18፣ ዚርኮኒያ ግን 0.33 አካባቢ ይመዝናል። ሚዛኑ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ የሚያነብ ይሁን።

ሰርተፊኬት ያለው ድንጋይ ወገቡ (የዙሪያው ጠርዝ) ላይ በሌዘር የተጻፈ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። በ10 እጥፍ ማጉያ ያንብቡት፤ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ፤ ከዚያ ያንኑ ቁጥር በስልክዎ የላቦራቶሪው ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ። ወረቀት ብቻውን ከሌላ ድንጋይ ጋር ሊጓዝ ይችላል።

ስለ ወሎ ኦፓል የሚጠይቁም አሉ። የደላንታው ኦፓል ቆንጆ ነው፤ ግን ለስላሳ ነው፣ ውኃም ወደ ውስጡ ይስባል። ለጆሮ ወይም ለአንገት እንጂ በየቀኑ ለሚታጠብ እጅ አይሆንም።

ማሰሪያውና አንጥረኛው

ጥፍሩ በ18 ካራት ወርቅ ይሠራ። 21 ካራት 87.5 በመቶ ወርቅ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ ቀጭን ጥፍር ሲሆን በጥቂት ወራት ይከፈታል። ቀለበቱን በ21 ማሠራት የፈለገ ሰው ከጥፍር ይልቅ ድንጋዩን ዙሪያውን የሚያቅፍ ክፈፍ ያሠራ። በእጁ ብዙ ለሚሠራ ሰውም ክፈፉ ይመረጣል፤ ቢጫ ክፈፍ ለድንጋዩ ቢጫነት እንደሚያበድር ግን ይታሰብ። አሸር ሆዱ ጥልቅ ስለሆነ ቀለበቱ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሥራው ሲያልቅ የነጠላ ጫፍ ፈርጡ ላይ ያሻሹ። ክር ከያዘ ጥፍሩ አልተሞረደም፤ እዚያው ይመለስ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳት የሚደርሰው ቀለበት ሲጠብ ወይም ሲሰፋ ነው። አልማዝ ካርቦን ነው። አየር ባለበት ከ700 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ጀምሮ ላዩ መቃጠል ይጀምርና ወተት የነካው ይመስላል፤ የወርቅ መበየጃ እሳት ደግሞ ከዚያ ያልፋል። አንጥረኛው ወይ ፈርጡን ያውጣ፣ ወይ በአልኮል የተበጠበጠ ቦሪክ አሲድ ይቀባው። ትኩስ ሆኖ ውኃ ውስጥ አይነከር፤ በራሱ ይቀዝቅዝ። ሥራውን ከመስጠትዎ በፊት «ፈርጡን ታወጣዋለህ ወይስ ትቀባዋለህ?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ግራ ካጋባው ሌላ ዘንድ ይሂዱ።

ለጥር ሠርግ የሚገዛ ሰው ድንጋዩን እስከ ኅዳር መጨረሻ ቢጨርስ ለማሰርም ለማስተካከልም ጊዜ ይኖረዋል፤ ጥር ሲገባ አንጥረኛው ሁሉ ይጣበባል። የጣት ልኬት ከሰዓት በኋላ ይወሰድ፤ በባሕር ዳር ሙቀት ጣት ያብጣል፣ የጠዋቱ ልኬት ማታ ይጠብባል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ደግሞ ጣት ይኮማተራል፤ ጣና ላይ ዋና ሲገቡ ወይም ከጀልባ እጅ ሲነክሩ ቀለበቱን አስቀድመው ያውልቁ።

አሸር ቅቤና ሎሽን ሲነካው ከሌላው ፈጥኖ ይደበዝዛል፤ ከሥር የተቀመጠ ቅባት መስተዋቶቹን ያጠፋቸዋል። በሳምንት አንዴ ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና አሥር ደቂቃ ዘፍዝፈው ከሥር በኩል በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይሹት። በየስድስት ወሩ ቀለበቱን ጆሮዎ አጠገብ ይዘው በጣት ጫፍ መታ መታ ያድርጉት። ኳ ኳ ካለ ጥፍሩ ላልቷል፤ እስኪጠበቅ ድረስ አያጥልቁት።