ሂት ፓምፕ ላላችሁ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ወገኖች፦ አንድ ባለሙያ እናመስግን፣ እናንተም ያዙት

በቅድሚያ ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስሙና ስልኩ አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገ ለሚያስፈልገው ሰው በውስጥ መስመር እንሰጣለን። ሥራው የቤት ሂት ፓምፕ (በክረምት የሚያሞቅ፣ በበጋ የሚያቀዘቅዝ ማሽን) ጥገና ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያና ውድብሪጅ ድረስ ይመጣል።

ከሌላው የሚለየው በዋጋ አይደለም፤ ዋጋው መካከለኛ ነው። የሚለየው ባለቤቱ በገዛ እጁ ሊሠራው የሚችለውን ለይቶ ማሳየቱና ለራሱ የሚያስቀረው ፈቃድና መሣሪያ የሚጠይቀውን ብቻ መሆኑ ነው። "ጎበዝ ነው፣ ጥሩት" ብለን ብቻ ከምናልፍ፣ ቤት ለቤት እየዞረ የሚያሳየውን እዚህ ብናሰፍረው ለሁላችንም ይጠቅማል ብለናል።

ገና ሲገባ የመሣሪያ ሣጥኑን ሳይከፍት ፊልተሩን ያስወጣል። ባለ 1 ኢንች ፊልተር ካርቶን ላይ "እስከ 90 ቀን" ይላል። ይህ ግን ወጥ ለማይሠራበት ቤት ነው። ሽንኩርት ለረጅም ሰዓት የሚቁላላበት፣ ቡና የሚቆላበት፣ እጣን የሚጨስበት ቤት ውስጥ የዘይቱ ጭጋግና የጭሱ ብናኝ ፊልተሩ ላይ ይጣበቅና አቧራውን እንደ ሊጥ ያደርገዋል። ስለዚህ የሱ ምክር በየወሩ አውጥታችሁ አምፖል ፊት ያዙት ነው፤ ብርሃን ካላሳለፈ ይለወጥ። የበዓል ዋዜማ ምግብ ከተሠራ በኋላማ ሳትጠራጠሩ ለውጡት። ወደ ውጭ የሚያስወጣ የምድጃ ፋን ካላችሁ ቁሌቱ ከመጀመሩ በፊት ይከፈት። አንዳንዱ ፋን ጭሱን በራሱ ማጣሪያ አሳልፎ መልሶ እዚያው ቤት ውስጥ የሚለቅ ነው፤ እሱ ብዙም አይረዳም።

ፊልተሩ ጎን ላይ ያለው ቀስት ወደ ማሽኑ፣ ማለትም አየሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። መጠኑ ጠርዙ ላይ ተጽፏል፤ 16 በ25 በ1 ወይም 20 በ25 በ1 ብዙ ቤት ያለ ነው። ስለ ጥራቱ የሚመክረው መርቭ 8 ነው (መርቭ ፊልተሩ ምን ያህል ደቃቅ ብናኝ እንደሚይዝ የሚለካበት ቁጥር ነው)። "ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል" ብሎ በ1 ኢንች ውፍረት መርቭ 13 የሚያስገባ ሰው አለ፤ አሮጌ የአየር ቱቦ ባለው ቤት ይሄ አየሩን ያንቃል። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ባለ 4 ኢንች ፊልተር የሚይዝ ሣጥን ማሠራት ይቻላል፤ እጥፋቱ ጥልቅ ሆኖ የማጣሪያው ጠቅላላ ስፋት ስለሚበልጥ አየሩን ሳያንቅ ያጣራል። አየር ሲታነቅ የሚመጣው ጣጣ በበጋና በክረምት ይለያያል። በበጋ የውስጡ ኮይል፣ ማለትም ሙቀት የሚያመላልሰው ጋዝ የሚዞርበት ጥቅልል ቱቦ፣ በጣም ይቀዘቅዝና በረዶ ይሠራል፤ ሲቀልጥ ደግሞ ኮርኒሱን ያበላሻል። በክረምት ሙቀቱ ከኮይሉ ስለማይነሳ የጋዙ ግፊት ይጨምርና ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ይጨነቃል፤ አንዳንዴም መከላከያው ራሱ ያጠፋዋል። ማንም የማይጠቀምበትን ክፍል የአየር ማውጫ መዝጋትም መብራት አይቆጥብም፤ ያው አየሩን ማነቅ ነው።

በሐምሌ ሙቀት "ማሽኑ ሞተ" ብላችሁ ብትደውሉለት መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት የሚጠይቃችሁ ስለ ውሃ ማፍሰሻው ነው። የውስጡ ኮይል የሚያወርደው ውሃ በሦስት አራተኛ ኢንች የፒቪሲ ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። ቱቦው ውስጥ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይበቅልና ይደፍነዋል። ውሃው ተመልሶ ከማሽኑ ሥር ያለው ማጠራቀሚያ ሳህን ሲሞላ ፍሎት ስዊቹ (በውሃ የሚነሳ ማጥፊያ) ይነሳና ማሽኑን ያቆመዋል፤ እንደ ሽቦው አያያዝ ቴርሞስታቱ ጭራሽ ይጠፋል ወይም ውጭ ያለው ማሽን ብቻ ዝም ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ቤታችሁን ከጎርፍ ያዳነ መከላከያ ነው። ሽቦውን አገናኝቶ ስዊቹን ማለፍ ለጊዜው ማሽኑን ያስነሳል፣ ኋላ ግን ጣሪያውን ያስከፍላል።

መክፈቻው እንዲህ ነው። ማሽኑን አጥፉ። የቱቦውን ጫፍ ከቤቱ ውጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ አጠገብ ታገኙታላችሁ። ውሃ የሚስብ ቫኪዩም አፉን እዚያ ላይ ግጠሙና በዙሪያው እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አየር እንዳያስገባ በእጅ ያዙት፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይሳብ። ታንኩን ክፈቱና እዩት፤ ጥቁር አረንጓዴ ዝልግልጉ ከወጣ ተሳክቷል። ከዚያ ውስጥ ማሽኑ አጠገብ ቱቦው ላይ ያለውን ክዳን ከፍታችሁ አንድ ኩባያ ነጭ አቼቶ አፍስሱ፤ 30 ደቂቃ ቆይታችሁ ብዙ ውሃ አስከትሉ። የመጨረሻው ውሃ የሚዘነጋ ነገር ነው፤ ቱቦው ላይ ያለው የዩ ቅርጽ ክርን ውሃ ካልያዘ ማሽኑ በቱቦው በኩል አየር ይስብና ውሃው እንደገና ይቆማል። በጋውን ሙሉ በየወሩ አቼቶ ብታፈሱ አይደፈንም። በረኪና ግን አታፍስሱ፤ ትነቱ የኮይሉን መዳብና አሉሚኒየም ይበላል፣ ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል።

ውጭ ያለውን ማሽን በዓመት አንዴ፣ የሚያዝያው የአበባ ብናኝ ካለፈ በኋላ ማጠብ ይበቃል። መጀመሪያ ቴርሞስታቱን አጥፉ፤ ቀጥሎ ከማሽኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ካለው ሣጥን መንቀያውን ንቀሉ፤ ብሬከሩንም አውርዱ። ቅጠሉንና ሣሩን በእጅ ልቀሙ፣ ከዚያ በተራ የአትክልት ቱቦ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብላችሁ እጠቡ። የመኪና ማጠቢያ የግፊት ውሃ አይነካውም፤ ስሶቹ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ይተኛሉና አየር አያሳልፉም። በዙሪያው 2 ጫማ፣ ከላዩ 5 ጫማ ያህል ክፍት ይሁን። የልብስ ማድረቂያው አየር ማውጫ ወደ ማሽኑ ዞሮ ከሆነ የጨርቁ ብናኝ ኮይሉን ብርድ ልብስ ያለብሰዋልና አቅጣጫውን አስለውጡ። በ2021 በየ17 ዓመቱ ከመሬት የሚወጣው ሲካዳ የሚባለው የነፍሳት መንጋ ሲወጣ አካባቢያችን ምን እንደመሰለ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ቀጣዩ 2038 ነው፣ ያኔ ቶሎ ቶሎ ማየት ይኖርባችኋል። የኤሌክትሪክ ክዳኑን ግን አትክፈቱ። ብሬከሩ ወርዶም ካፓሲተሩ (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ውስጥ ሰውን የሚጎዳ ኃይል ሊቆይ ይችላል።

ክረምት ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጠው ማሽኑ ነጭ ሆኖ ሲያይ ነው። ሂት ፓምፕ በክረምት ሙቀት የሚለቅመው ከውጭው አየር ስለሆነ የውጭው ኮይል ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም አመዳይ ሆኖ ይይዘዋል። በኛ አካባቢ የሚያስቸግረው ደረቁ ብርድ ሳይሆን ከ35 እስከ 40 ፋራናይት ያለው እርጥብ ቀን ነው። ማሽኑ ይህን ራሱ ያራግፋል፤ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ እንደተሞላው በ30፣ በ60 ወይም በ90 ደቂቃ ልዩነት ለጥቂት ደቂቃ ወደ ኤሲ ይገለበጥና ትኩሱን ጋዝ ወደ ውጭ ይልካል። ያኔ የውጭው ፋን ይቆማል፣ "ሿ" የሚል ድምፅ ይሰማል፣ እንፋሎት እንደ ጭስ ይነሳል። እሳት አይደለም፤ ወደ 911 አትደውሉ።

ችግር የሚሆነው አመዳዩ ግግር በረዶ ሆኖ ኮይሉን ከላይ እስከ ታች ከሸፈነና ለሰዓታት ካልለቀቀ ነው። ያን ጊዜ ፊልተሩን እዩ፤ ከሥሩ የተከመረውን በረዶ ጥረጉ፤ ከአሸንዳው ውሃ እየተንጠባጠበበት እንደሆነ አረጋግጡ። ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ ሴንሰሩ፣ ሰሌዳው፣ የፋኑ ሞተር ወይም የጋዝ መጉደል ስለሆነ የሱ ሥራ ነው። ቢላ ወይም መዶሻ ይዞ በረዶውን መፈለጥ ኮይሉን ይበሳል፤ በአንድ ምት የሙሉ ማሽን ዋጋ ማለት ነው።

ቴርሞስታቱ ላይ "ኢመርጀንሲ ሂት" የሚለው እሱ እስኪመጣ ለመቆያ እንጂ "ቤቱ ቶሎ ይሞቃል" ተብሎ የሚነካ አይደለም። ሲበራ ኮምፕሬሰሩ ይቆምና ቤቱ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ ብቻ ይሞቃል። 10 ኪሎ ዋት ያለው ሽቦ አንድ ሰዓት ሲሠራ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ ሂት ፓምፑ መካከለኛ ብርድ ላይ ያንኑ ሙቀት በሦስተኛው ያህል ኤሌክትሪክ ይሰጥ ነበር። ማታ 8 ዲግሪ አውርዶ ጠዋት ባንዴ መጫንም ያንኑ ሽቦ ይጠራል። 2 ወይም 3 ዲግሪ ብቻ ዝቅ ማድረግ ወይም ባለበት መተው ይሻላል። ከማውጫው የሚወጣው አየር ለብ ያለ ከሆነም አትበሳጩ፤ 95 ፋራናይት የሆነ አየር ከእጃችሁ ሙቀት ብዙም ስለማይበልጥ አይጋረፍም እንጂ ቤቱን ያሞቃል። የጋዝ ማሞቂያ የለመደ ሰው ይህን ለማመን ይቸግረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋናችን፣ ወደ ጋዙ። "ጋዝ ጎድሏል" ተብሎ በየበጋው ያስሞላ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ይህ የማሽኑ ጋዝ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ። ይህ ባለሙያ ቀዳዳውን ሳያሳያችሁ አይሞላም። በመፈለጊያ መሣሪያና በሳሙና አረፋ ያገኘዋል፤ ይበይደዋል፤ በናይትሮጅን ግፊት ይፈትነዋል፤ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት በፓምፕ ስቦ ግፊቱን ከ500 ማይክሮን (የቫኪዩም መለኪያ) በታች አውርዶ መያዙን ካየ በኋላ ጋዙን በሚዛን እየመዘነ ያስገባል። የሚዛኑን ቁጥር ለባለቤቱ ያሳያል፣ ደረሰኙም ላይ ይጽፈዋል። ይህን ሥራ በራሳችሁ አትሞክሩት፤ ሕጉም የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በንጹሕ አየር ሕግ ክፍል 608 መሠረት የሚሰጠው ማረጋገጫ ለሌለው ሰው አይፈቅድም። አሮጌው ማሽናችሁ አር-22 የሚባለውን የቆየ ጋዝ የሚጠቀም ከሆነ ጋዙን ማምረትም ማስገባትም በ2020 ስለቆመ ዋጋው ውድ ነው፤ እሱ ያን ጊዜ "ቢቀየር ይሻላል" ብሎ በግልጽ ይናገራል። ከ2025 ወዲህ የሚመረቱት ማሽኖች ደግሞ በአር-410ኤ ፋንታ አር-454ቢ ወይም አር-32 ይይዛሉ፤ በመጠኑ እሳት ሊይዙ ስለሚችሉ አንዱን ከሌላው ጋር ማቀላቀል አይታሰብም።

ካፓሲተር ሲለውጥም እንዲሁ ነው። 45 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር መለኪያ) የተባለው በ6 በመቶ ልዩነት እስከ 42.3 ድረስ ደህና ነው፤ ሜትሩ 38 ካነበበ ፊታችሁ ላይ ያሳያችሁና ይለውጣል፣ አሮጌውንም ትቶላችሁ ይሄዳል። 44 ካነበበ ደግሞ "ይቆያል" ብሎ ክዳኑን ይገጥማል። ብዙ ቴክኒሽያን እዚህ ላይ ነው ሳያስፈልግ አዲስ የሚሸጠው።

ቅሬታ ይኑር ከተባለ በሰኔና በሐምሌ ስልክ አያነሳም። ጣሪያ ላይ ነው፤ ጽሁፍ ላኩለት፣ ማታ ይመልሳል። ለመደበኛ ምርመራ ከሆነ በሚያዝያ ወይም በጥቅምት ቀጠሮ ያዙ።

ስትጽፉለት በውስጥም በውጭም ማሽን ጎን ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ወረቀት ፎቶ አያይዙ። ፊልተሩ መቼ እንደተለወጠ፣ ቴርሞስታቱ ምን እንደሚያሳይ፣ የውጭው ፋን ይዞር ወይም ቆሞ ያጉረምርም እንደሆነ፣ ሳህኑ ውስጥ ውሃ ስለመኖሩ ጻፉ። ብሬከሩ ከወረደ አንዴ ብቻ መልሱት፤ ደግሞ ከወረደ ተዉትና ያንንም ንገሩት።